የ«ድሮ ቀረ» ማኅበርተኞች ይባረኩ

የሲጉር ሮስ ደጋፊዎች የሚገባቸውን ምስጋና እስከ ዛሬ አላገኙም። ለባንዱማ ጭብጨባው ይጎርፋል፣ ትኬቱ ይሸጣል፣ ጋዜጠኛው ማይክሮፎን ይዞ ይከተለዋል። ደጋፊው ግን አዲስ አልበም ሊወጣ ነው በተባለ ቁጥር ሥራውን ጥሎ፣ ድንኳን ተክሎ፣ ደረቱን እየደቃ የሚያለቅሰው በነጻ ነው። አንድ ቀን እንኳ «እግዜር ይስጥልኝ» ያለው የለም። ዛሬ እኔ ልበል።

ለማያውቃቸው ባጭሩ፦ ሲጉር ሮስ የአይስላንድ ባንድ ነው። በ1994 ሬይክያቪክ ውስጥ ተመሠረተ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምቆጥረው)። ስሙን ያገኘው በዚያው ሰሞን ከተወለደችው ከዘፋኙ ከዮንሲ ታናሽ እህት ነው። ዮንሲ ጊታሩን እንደ መሲንቆ በደጋን ይገዘግዘዋል፤ ደጋኑ የቼሎ ነው። ድምፁ ቀጭን ነው፣ ከመቅጠኑ የተነሳ መጀመሪያ የሰማሁት ቀን ዘፋኟ ማን ናት ብዬ ጠይቄያለሁ። ሙዚቃቸው ቀስ ብሎ ይነሳል፣ ቀስ ብሎ ያብጣል፣ አንዳንዴ ስምንት፣ አንዳንዴ አሥር ደቂቃ ይፈጃል፣ ከዚያ ሳታስበው ዓይንህ እንባ አቅርሮ ታገኘዋለህ። በቃ፣ እንዲህ ናቸው።

ወደ ደጋፊው ልመለስ። የዚህ ሰው ትልቁ ተሰጥኦ ያልወጣ አልበም ሰምቶ መፍረድ ነው። ተራው ሰው ሙዚቃ ለመተቸት መጀመሪያ መስማት አለበት። ምስኪን! የኛ ማኅበርተኛ እዚህ ዝቅታ ውስጥ አይገባም። የአልበሙ ስም ይበቃዋል። ሽፋኑ ከተጨመረለት ትርፍ ነው። ሰላሳ ሰከንድ ቅንጫቢ ከተለቀቀለትማ ጉዳዩ ተዘጋ፣ ይግባኝ የለም። ላልተወለደው ልጅ ሌላው አንቀልባ ሲገዛ፣ እሱ ለቅሶ ይቀመጣል።

ይህ ጥበብ ከፍ ያለ ደረጃ የደረሰው በ2012 እና በ2013 መካከል ነው። ታሪኩ ጣፋጭ ስለሆነ ቀስ ብዬ ልናገረው።

በግንቦት 2012 ባንዱ «ቫልታሪ» የሚባል አልበም አወጣ። ቫልታሪ ማለት በነሱ ቋንቋ የመንገድ መዳመጫው ማሽን ነው፣ እኛ ዳምጠው የምንለው። ስሙ ዳምጠው ይሁን እንጂ አልበሙ ከሠሯቸው ሁሉ ዝም ካሉት አንዱ ነው። ጭጋግ በለው። ማኅበርተኛው ሰማና ተቆጣ። «ከበሮው የት ገባ? ስድስት ደቂቃ ጠብቄ ምንም አልመጣም! እነዚህ ሰዎች ተኝተዋል፣ እኛንም ሊያስተኙን ነው።» ልክ ነው፣ ዳምጠው ተብሎ ካልደመጠ ምኑን ዳምጠው ሆነ።

በጥር 2013 ደግሞ ኪቦርዱን የሚጫወተው ክያርታን ከባንዱ መውጣቱ ተሰማ። ከ1998 ጀምሮ የነበረ ሰው ነው፣ ብዙው የገመድ መሣሪያ ቅንብር የእሱ እጅ አለበት። ሦስት ሰው ቀረ። ሦስቱ ምን አደረጉ? ተቀምጠው አላለቀሱም፣ ምክንያቱም ለልቅሶው ደጋፊ አላቸው። በመጋቢት «ብረኒስቴይን» የሚል ዘፈን ለቀቁ። ወደ ስምንት ደቂቃ ይሄዳል፣ ገና ሲጀምር ቤዙ ወፍጮ ቤት የገባህ ያስመስልሃል፣ ከበሮው ግድግዳ ያፈርሳል። ትርጉሙ ዲን ነው፣ ያ በሰዶም ላይ ከእሳት ጋር የዘነበው ዲን። አልበሙ «ክቬይኩር» ሊባል ነው፣ በሰኔ ይወጣል ተባለ። ክቬይኩር የሻማ ወይም የኩራዝ ክር ማለት ነው፣ የፈንጂም ይሆናል።

ማኅበርተኛው ዘፈኑን ሰማ። ሙሉውን እንኳ ይሁን መግቢያውን ብቻ አልታወቀም። ከዚያ ምን አለ? «ጫጫታ ነው! ያ ጸጥታ የት ገባ? ያ የሚያስተኛ ሙዚቃ የት ሄደ?»

ልብ በሉ፣ ዓመት አልሞላም። ከንፈሩ ላይ የቫልታሪ ክስ ገና አልደረቀም። ዳምጠው አልጮኸም ብሎ የከሰሰ ሰው፣ ኩራዝ ጮኸ ብሎ ከሰሰ። ይህን የመሰለ ፍርድ ለመስጠት ተራ ጭንቅላት አይበቃም፤ የትናንቱን ሙሉ በሙሉ የሚረሳና ከትናንት በስቲያ ያለውን ሙሉ በሙሉ የሚያስታውስ ልዩ ጭንቅላት ይጠይቃል።

እኔም ከማኅበሩ ነኝ፣ አልክድም። ያን ቀን ብረኒስቴይንን ሰምቼ «እነዚህ ሰዎች አልቆላቸዋል፣ የድምፅ ቅንብሩ ራሱ ግማሽ ነው» ብዬ ለጓደኛዬ አንድ ገጽ ሙሉ ትንታኔ ጻፍኩለት። ሚዛን እንደጎደለው፣ ቦታ ቦታው ባዶ እንደሆነ፣ የክያርታን አለመኖር እንዴት በግራ በኩል እንደሚሰማ። ጓደኛዬ ኢርፎንህን ቀይረህ ስማው አለኝ። ለካ የግራው ሞቷል። የላክሁትን ትንታኔ ግን አልመለስኩም። ክብር የሚባል ነገር አለ።

ሌላው የማደንቅላቸው የጂኦግራፊ እውቀታቸው ነው። ማኅበርተኛው አይስላንድን ረግጦ አያውቅም፣ ግን የአገሩ ጠባቂ እሱ ነው። «የሲጉር ሮስ ድምፅ የበረዶ ግግር ድምፅ ነው» ይላል። የበረዶ ግግር ምን ዓይነት ድምፅ እንዳለው አትጠይቁት። ብረኒስቴይን ሲመጣ «ይሄ አይስላንድ አይደለም፣ ይሄ ፋብሪካ ነው» አለ። አገሩ እኮ እሳተ ገሞራ ላይ የተቀመጠ ነው! በ2010 አንዱ ተራራቸው ፈንድቶ አመዱ የአውሮፓን በረራ ለቀናት ዘግቶ፣ ስንቱ ሰው ኤርፖርት ወለል ላይ ተኝቷል። የሬይክያቪክ ሰው የሚታጠብበት ሙቅ ውሃ ራሱ ከመሬት ሥር ይዞት የመጣው የዲን ሽታ አለው። እዚያ ከተማ የኖሩ ሦስት ሰዎች ጠዋት ጠዋት በሚሸታቸው ነገር ስም ዘፈን ሠሩ፣ በረዶን በስልኩ ስክሪን የሚያውቀው ማኅበርተኛ ግን አገራቸውን አሳታቸው። መቼም አገር ወዳድነት ከሩቅ ሲሆን ይበረታል።

አሁን ወደ ቋንቋው እንምጣ፣ ምክንያቱም እዚህ ላይ ባርኔጣዬን አወልቃለሁ።

ባንዱ አብዛኛውን በአይስላንድኛ ነው የሚዘፍነው። አንዳንዴ ግን ዮንሲ ትርጉም የሌለው ድምፅ ብቻ ያወጣል። ለዚህም ቮንሌንስካ የሚል ስም አላቸው፣ የተስፋ ቋንቋ እንደማለት። ሰዋስው የለው፣ መዝገበ ቃላት የለው፤ ድምፁ እንደ መሣሪያ እንዲያገለግል ብቻ የሚደረግ ነው። በ2002 ያወጡት አልበም ከዳር እስከ ዳር እንዲህ ነው። አልበሙ ስም የለውም፣ ሽፋኑ ላይ ያለው ባዶ ቅንፍ ነው። ስምንቱ ዘፈኖች ስም የላቸውም። መሐል ላይ 36 ሰከንድ ዝምታ አለ። አብሮት የሚመጣው ትንሽ መጽሐፍ ደግሞ ገጾቹ ባዶ ናቸው፣ አድማጩ የተሰማውን ራሱ ይጻፍበት ተብሎ።

ማኅበርተኛው ባዶ ገጽ ሰጥተውት ዝም ይላል? ሰሙን ፈታ፣ ወርቁን አወጣ። ትርጉም የሌለው ቃል ውስጥ ሰምና ወርቅ ማግኘት የኛ ቅኔ ቤቶች እንኳ ያልሞከሩት ነገር ነው። «እዚህ ጋ ስለ እናቱ ነው የሚዘፍነው።» «የለም፣ ስለ ባሕር ነው።» ሁለቱ ተጣሉ፣ አንድ ዓመት አልተነጋገሩም። ይሄ ሁሉ ሆኖ በ2008 ባንዱ በእንግሊዝኛ የመጀመሪያውን ዘፈን አልበም ላይ ሲያስገባ፣ አንድ ብቻ፣ ያውም መጨረሻ ላይ፣ ማኅበሩ ተናወጠ። ተሸጡ! አለቀላቸው! ስድስት ዓመት ሙሉ የማይገባውን ሲተረጉም የኖረ ሰው፣ የሚገባው ዘፈን ሲሰጠው ምን ሥራ ይቀረዋል? የእንጀራ ገመድ መበጠስ ነው እኮ።

የዚያው አልበም መክፈቻ ደግሞ ጭብጨባና ከበሮ ያለበት፣ የሚያዘልል ነገር ነበር። ማኅበርተኛው በሲጉር ሮስ መደሰትን አላሰበበትም ነበር። በጣም ተከፋ።

ስለ «ሆፒፖላ» ብዙ አልናገርም። በ2005 የወጣ ዘፈን ነው፣ ትርጉሙ ዝናብ ያቆረው ውሃ ውስጥ መዝለል ነው፣ ባንዱ ሲሠራው በቀልድ «የገንዘቡ ዘፈን» ይለው ነበር ይባላል። በ2006 ቢቢሲ «ፕላኔት ኧርዝ» ለሚለው ፕሮግራሙ ማስታወቂያ አደረገው፣ ዓለም ሰማው። ማኅበርተኛው በዚያው ቀን ጠላው። ዘፈኑ አንድ ኖታ አልተቀየረም። የተቀየረው፣ ጎረቤትም መስማቱ ነው።

ከማኅበሩ ውስጥ ደግሞ መቀመጫቸው ከፍ ያለ ሽማግሌዎች አሉ፤ «እኔ ከቮን ጀምሮ ነው የማውቃቸው» የሚሉት። ቮን የመጀመሪያው አልበም ነው፣ በ1997 የወጣው አይስላንድ ውስጥ ነው፣ ለሌላው ዓለም የደረሰው ከዓመታት በኋላ ነው። የአገሩ ሕዝብ ያኔ 300,000 እንኳ አይሞላም። እኔ እስከ ዛሬ ያገኘኋቸውን «ያኔ ሰምቼዋለሁ» ባዮች ብሰበስብ ግን፣ የአይስላንድ ሕዝብ ቁጥር ተሳስቷል ብዬ ለመንግሥታቸው መጻፍ አለብኝ።

እነዚህ ሽማግሌዎች የሚምሉት ግን በቮን አይደለም፣ በሁለተኛው ነው። በ1999 በወጣው በ«አውጋይቲስ ቢርዩን»። ልዩ አልበም ነው፣ እኔም እምልበታለሁ። ከቮን ጋር ምንም አይገናኝም፤ ቮን ጨለማና ዝብርቅርቅ ያለ ነው፣ ይሄኛው ሰማይ የተከፈተ ያህል ነው። ማለትም የሚወዱት አልበም ራሱ ባንዱ ድምፁን ቀይሮ ያመጣው ነው። ይህን ለሽማግሌዎቹ ብትነግራቸው «እሱ ሌላ ነው» ይሉሃል። እንዴት ሌላ? «ሌላ ነዋ!» ክርክሩ እዚህ ያልቃል። ርዕሱ በአማርኛ ሲመለስ «ደህና ጅምር» ማለት ነው። ልጆቹ ገና ጀመርን አሉ። ማኅበርተኛው ግን እዚያው ላይ መጋረጃ ዘግቶ፣ መብራት አጥፍቶ፣ ከዚህ በኋላ የምትሠሩት ሁሉ ትርፍ ነው አላቸው። ያው ትርፉን ለመስማትም ተሰልፎ ገዛ።

አሁን ወደ 2023 ልዝለል። ከክቬይኩር አሥር ዓመት በኋላ ማለት ነው። ክያርታን ተመልሷል። ዮንሲ ይዘፍናል፣ የለንደን ኦርኬስትራ ገመዱን ይሞላዋል፣ ከበሮ የለም ማለት ይቻላል። አልበሙ «አውታ» ይባላል፣ ስምንት ማለት ነው፣ ሽፋኑ ላይ ቀስተ ደመና በእሳት ይነዳል። ማኅበርተኛው በ2013 አልቅሶ የለመነው በሙሉ፣ በአንድ ሳጥን ታሽጎ፣ ቤቱ ድረስ መጣለት። ክያርታኑ፣ ጸጥታው፣ ገመዱ።

ሰማው። ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ ምን ቢል ጥሩ ነው?

«ቆንጆ ነው... ግን አዲስ ነገር የለውም። ምነው ትንሽ እንደ ክቬይኩር ቢያደርጉት! ያ ከበሮ! ያ ቤዝ! ድሮ ቀረ።»

ድሮ የተባለው ክቬይኩር ነው። ያ ጫጫታው፣ ያ ፋብሪካው፣ ያ አገሩን የሳተው። ለቅሶ ቤት ሟች ሁሉ ደግ ነበር እንደሚባለው፣ በዚህ ማኅበር ደግ የሚሆነው የቀደመው አልበም ነው፤ ደግ ለመሆንም ቀጣዩ እስኪመጣ መታገስ ብቻ ይጠበቅበታል። ቫልታሪም እንዲሁ ሆኗል። ያኔ «አስተኛን» ተብሎ የተረገመው፣ አሁን «እንደ ቫልታሪ የሚያሳርፍ ነገር የለም» ይባልለታል። በቅርቡ እንዲህ ያለኝን ሰው ያኔ ምን ብሎ እንደነበር ላስታውሰው ብዬ አፌን ከፈትኩ። ከዚያ የራሴን አንድ ገጽ ትንታኔ አስታወስኩና ዘጋሁት።

በነገራችን ላይ፣ ክቬይኩርን ዘንድሮ በሁለቱም ጆሮዬ ሰማሁት። ግራው በኩል ብዙ ነገር አለ።

ለማንኛውም፣ ቀጣዩ አልበም መቼም ይምጣ መቼ፣ ዝግጁ ነኝ። እንደ አዲስ አባል ዘግይቼ መቸገር አልፈልግም። አስተያየቴን ከወዲሁ ጽፌ ስልኬ ላይ አስቀምጫለሁ፣ ስሙ ሲታወቅ መሙላት ብቻ ነው፦ «አዲሱን ( ) ገና አልሰማሁትም፣ ግን እንደ ድሮው አይደለም።»