እርማት፦ የቦረናን ግጦሽ ያጠፋው እሳት አይደለም

ወንድሜ፣ «የቦረና አርብቶ አደር እሳት እየለቀቀ የራሱን ግጦሽ አጠፋ» ብለሃል። ብዙ ሰው እንዲህ ነው የሚያምነው። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው።

ቦረናዎች ሣር የሚያቃጥሉት ለከብቶቻቸው ብለው ነበር። በጋው ሊያልቅ ሲል፣ ዋናው ዝናብ ከመግባቱ በፊት። ያኔ የደረቀው አሮጌ ሣር ይነዳል፤ መዥገሩም አብሮ ይነዳል። የሣሩ ሥር ግን አፈር ውስጥ ስለሆነ እሳቱ አያገኘውም። ዝናቡ ጠብ ሲል ከጥቁሩ አመድ መሃል ለስላሳ ቡቃያ ብቅ ይላል፤ ላም የምትወደው እሱን ነው። ገና ጉልበት ያልደረሰው የግራር ችግኝ ደግሞ ይለበለባል፤ ቢያቆጠቁጥም እንደገና ከታች ነው የሚጀምረው። ትልልቁ ዛፍ ብዙም አይነካም። አየህ፣ ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው፦ እሳቱ ሣሩን ከቁጥቋጦው ይጠብቀው ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መንግሥት ማቃጠልን ከለከለ። ከዚያ በኋላ ችግኙን የሚገታው ጠፋ። ሜዳ የነበረው ቦታ ሰው እንኳ ተጎንብሶ የማያልፍበት የእሾህ ጫካ ሆነ። ቁጥቋጦ ለግመልና ለፍየል ይሆናል፤ ለላም ግን አይሆንም። ብዙ ቤተሰብ ግመል ወደ ማርባት የዞረበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

ጥፋቱ ሁሉ የክልከላው ነው አልልም። እርሻው ሰፍቷል፣ ግጦሹ ጠቧል፣ ድርቁም ተደጋግሟል። አሁን ለማቃጠል ቢሞከር እንኳ ብዙ ቦታ ላይ እሳት የሚያያይዝ ሣር የለም፤ ከቁጥቋጦው ሥር ያለው ባዶ አፈር ነው።