ማስተካከያ፦ የከበደ መሪና የላላ መሪ መንስኤያቸው አንድ አይደለም

ስለ ሞተር ጀልባ የሃይድሮሊክ መሪ፣ ማለትም ከጀልባው ጀርባ ያለውን ሞተር በዘይት ግፊት ግራና ቀኝ ስለሚያዞረው መሪ፣ ቀደም ብዬ ስጽፍ፣ መሪው ሲከብድም ሲላላም መጀመሪያ ዘይቱ ውስጥ የገባውን አየር ማስወጣት ይገባል ብዬ ነበር። ስለ ላላው ያልሁት ትክክል ነው፤ ስለ ከበደው ግን ተሳስቻለሁ። አንባቢን ለከንቱ ድካም የሚዳርግ ስሕተት ስለሆነ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

አየር ይታመቃል፤ ዘይት ግን አይታመቅም ማለት ይቻላል። ስለዚህ አየር የገባበት መሪ እንደ ስፖንጅ ይለሰልሳል፣ ብዙ ዞሮም ሞተሩን በጥቂቱ ብቻ ያንቀሳቅሳል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ አይከብድም።

መሪው ከከበደ ጀልባው ታስሮ፣ ሞተሩም ጠፍቶ ሳለ የመሪውን ሲሊንደር (በዘይት ግፊት ሞተሩን የሚገፋውን ክፍል) ከሞተሩ ይፍቱት። ከዚያ ሞተሩን በእጅዎ ግራና ቀኝ ይግፉት። አልንቀሳቀስ ካለ ችግሩ ያለው ከሃይድሮሊኩ ሳይሆን ሞተሩ ከሚዞርበት ምሶሶ ላይ ነው፤ ግራሶው ደርቋል ወይም ዝገት ይዞታል። ይህን ሳያዩ ዘይቱን የሚገፋውን ፓምፕ መለወጥ ገንዘብ መጣል ነው። ሞተሩ በቀላሉ ዞሮ መሪው ብቻ ከከበደ ግን የታጠፈ ቱቦ፣ የጎበጠ የሲሊንደር ዘንግ ወይም አምራቹ ካዘዘው የወፈረ ዘይት ይፈልጉ።

አንድ ያልጻፍሁት ነገር አለ፦ የመኪና ፍሬን ዘይት ፈጽሞ አይጨምሩ፤ ዘይቱ እንዳይፈስ የሚይዙትን ጎሚኒዎች ያበላሻል።

አየሩ ወጥቶም መሪው ደጋግሞ የሚላላ ከሆነ ብዙ ጊዜ ዘይት የሚያፈስ ቦታ አለ ማለት ነው። የመሪውን ዘንግ ሥርና የሲሊንደሩን ሁለት ጫፎች በደረቅ ጨርቅ ጠርገው ይመልከቱ።