«ሰክተህ ንዳ» እያላችሁ የምትሸጡልን የኋላ መብራት

ኧረ በናታችሁ፣ ይሄ ነገር ይብቃ! ለ1965 እና ለ1966 (እ.ኤ.አ.) ፎርድ ሙስታንግ የኋላ ኤልኢዲ መብራት የሚሸጥ ሁሉ ካርቶኑ ላይ «ሰክተህ ንዳ» ብሎ ይለጥፋል። አዎ፣ ይሰካል። ከዚያስ? ፍሬቻው እንደበራ ይቀራል እንጂ ብልጭ ድርግም አይልም። ፍሬን ሲረገጥ ስቶፑ ከፓርኪንጉ አይለይም። ባለመኪናው ዕቃው የተበላሸ መስሎት ይመልሰዋል፣ ሌላ ያዝዛል፣ ያም ያው ይሆንበታል። ሁለት መስመር ማስጠንቀቂያ ቢጻፍ ይሄ ሁሉ ጣጣ ባልመጣ።

የእነዚህ መኪኖች ፍላሸር፣ ማለትም ፍሬቻውን ብልጭ ድርግም የሚያደርገው ዕቃ፣ ኤሌክትሮኒክስ የሚባል ነገር አያውቅም። ውስጡ ያለችው ሁለት ዓይነት ብረት ተጣብቆ የተሠራች ስስ ቅጠል ናት። ከረንቱ ሲያልፍባት ትሞቃለች፣ ትታጠፋለች፣ መስመሩ ይቋረጣል፤ ስትቀዘቅዝ ተመልሳ ትገጥማለች። የፋብሪካው 1157 አምፖል ሁለት ክር አለው፣ ደብዛዛው ለፓርኪንግ፣ ደማቁ ለስቶፕና ለፍሬቻ፤ በደማቁ ክር 2 አምፒር ያህል ይስባል፤ የፊቱ ሲደመር 4 ይሆናል። ኤልኢዲ ግን የዚህን ጥቂቱን ነው የሚስበው፤ ቅጠሏ አትሞቅም፣ ካልሞቀች ደግሞ አትታጠፍም። በቃ፣ ችግሩ ይሄ ነው! መፍትሔው ለኤልኢዲ የተሠራ ባለ ሁለት እግር ኤሌክትሮኒክ ፍላሸር ነው። ብዙዎቹ ተጨማሪ የማሳ ሽቦ (ከረንቱ በቦዲው በኩል ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ የሚመለስበት) አላቸው፤ እሱን ዳሽቦርዱ ሥር ካለ ንጹሕ ብረት ጋር ማሰር ነው። ተገጥሞም ዝም ካለ እግሮቹን አገላብጡ። አሮጌው ፍላሸር ባትሪው በየትኛው እግር ቢመጣ ግድ የለውም፣ አዲሱ ግን አለው። የአራቱ ፍሬቻ ማስጠንቀቂያ ካላት የራሱ ሌላ ፍላሸር ስላለው እሱም አብሮ ይቀየር።

«ሬዚስተር ግጠምበትና ተገላገል» የሚለው ምክር ደግሞ ደም ያፈላል። ሬዚስተር አሮጌው ፍላሸር እንዲሠራ የክር አምፖሉን ያህል ከረንት የሚስብ ዕቃ ነው። የሚሸጠው 6 ኦም፣ 50 ዋት የሚባለው ነው። በ12.6 ቮልት 2 አምፒር ይስባል፣ 26 ዋት ያህሉን ወደ ሙቀት ይለውጣል። ዘመናዊ መኪና ላይ ፍሬቻው የራሱ ሽቦ ስላለው ሬዚስተሩ በየመሃሉ ያርፋል። ሙስታንግ ላይ ግን ስቶፕና ፍሬቻ አንድ ክር፣ አንድ ሽቦ ነው የሚጋሩት! ስለዚህ ቀይ መብራት ላይ ፍሬን ተረግጦ እስከተቆመ ድረስ ያለ ዕረፍት ይግላል። የት ላይ ታስሮ? የኋላ ኮፈኑ ውስጥ፣ ወለሉ ራሱ የነዳጁ ታንክ የላይኛው ገጽ በሆነበት መኪና ላይ። ከዚያም አልፎ፣ ስቶፑ የሚያልፈው መሪው ሥር ባለው የፍሬቻ ማብሪያ በኩል ስለሆነ፣ ስድሳ ዓመት ገደማ የቆየው ማብሪያ ያንኑ የድሮ ጭነት ተሸክሞ ይቀጥላል። ታዲያ ኤልኢዲው ምን አተረፈ?

አሁን ደግሞ ማንም የማያወራው ማሳ። የመብራቱ ቤት ማሳ የሚያገኘው ከቦዲው ጋር በሚያስሩት ብሎኖች ብቻ ነው። መኪናዋ ተቀብታ ከሆነ ከዳዶው ሥር ያለው ቀለም፣ ካልተቀባች ዝገቱ መንገዱን ይዘጋዋል። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ ፍሬቻ ሲበራ ፓርኪንጉም አብሮ ይርገበገባል፣ ወይም ፍሬን ሲረገጥ ያልተነካው ክር ደብዘዝ ብሎ ይበራል። ፍሬኑን አስረግጣችሁ የቴስተሩን አንድ ጫፍ ባትሪው ኔጋቲቭ ላይ፣ ሌላውን መብራቱ ቤት ላይ አድርጉ። ከ0.2 ቮልት በታች ከሆነ ደህና ነው፤ ግማሽ ቮልት ከደረሰ ማሳው ታሟል። የባትሪውን ኔጋቲቭ ፍቱና ከቤቱ ወደ ቦዲው አንድ ወፍራም ሽቦ ጨምሩ፤ የሚታሰርበትን ቦታ እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉ፣ ጥርስ ያለው ሮንዴላ አስገቡ፣ ላዩን ቅባት ቀቡት። ለዚህ ሥራ አዲስ ቀዳዳ ወደ ወለሉ እንዳትበሱ፤ ታንኩ እዚያ ነው አልኩ እኮ!

ስለ ብርሃኑም እንነጋገር። የፋብሪካው አምፖል ስቶፕ ከፓርኪንግ ከአስር እጥፍ በላይ ይደምቃል፣ 32 ለ3። ርካሹ ኤልኢዲ ፓርኪንጉን ያለ ልክ ስለሚያደምቀው ማታ ከኋላ የሚመጣው ሾፌር ፍሬን መያዛችሁን አያውቅም። ቀይ ፕላስቲክ ጀርባ ነጭ ኤልኢዲ የምትሸጡም አላችሁ። ነጭ ኤልኢዲ መነሻው ሰማያዊ ብርሃን ነው፣ ቀይ የሆነው ድርሻው ትንሽ ነው፣ የቀረውን ፕላስቲኩ ይውጠዋል። ቀይ ግዙ። አምፖል ብቻ የምትቀይሩ ደግሞ ዙሪያውን የሚያበራውን ምረጡ። በየጎኑ ያለው አንድ አምፖል ሦስቱንም ክፍል ነው የሚያበራው፤ ፊት ለፊት ብቻ የሚያይ ኤልኢዲ መሃሉን አድምቆ ዳር ዳሩን ጨለማ ይተዋል። ቤቱን በሙሉ የሚሞላው የኤልኢዲ ሰሌዳ ከሁሉም ይሻላል። ክዳኑ ሲመለስ አዲስ ጓርኒሲዮን ይግባ፣ ብሎኑ በኃይል አይጥበቅ፣ ፕላስቲኩ ይሰነጠቃል።

ተራ በተራ የሚበራውን ፍሬቻ ፎርድ በ1965 ተንደርበርድ ላይ አምጥቶታል፣ በ1967 ሜርኩሪ ኩጋር ላይም ነበረ። ያኔ የሚያሽከረክረው ትንሽ ሞተር ነበር። ያምራል፣ ማንም አይክደውም። ግን አንዳንዱ የዛሬ ኪት ፍሬን ሲረገጥም ተራ በተራ ይበራል! ኤልኢዲ ከክር አምፖል 0.2 ሴኮንድ ያህል ቀድሞ ይደምቃል፤ በሰዓት 65 ማይል ሲነዳ ይሄ ከኋላ ላለው መኪና 6 ሜትር ገደማ ነው። ስቶፑ ተራ ከጠበቀ ያ ሁሉ ይባክናል። ከመግዛታችሁ በፊት «ፍሬን ተረግጦ ለሁለቱም ጎን ከረንት አብሮ ሲመጣ በአንዴ ይበራል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ።

«ዶት ያጸደቀው» የሚለውም ጽሑፍ ይነሳልን። ዶት የሚሉት የአሜሪካ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት መብራት አያጸድቅም፤ መስፈርቱን አሟልቻለሁ ብሎ የሚያረጋግጠው አምራቹ ራሱ ነው። ከሁሉም በፊት ግን ፍላሸሩን ካርቶኑ ውስጥ ጨምሩት፤ አንጨምርም ካላችሁ «ፍላሸር ለብቻው ይገዛል» ብላችሁ በትልቁ ጻፉ፣ «ሰክተህ ንዳ» የሚለው ባለበት ቦታ ላይ።