የታፔላ ሊቃውንት

የደብረ ማርቆስ ወላጅ ይመስገን! በሬ ሲገዛ ጥርሱን ይገልጣል፣ ሻኛውን ይደባብሳል፣ «ቀንበር ለምዷል ወይ?» ብሎ ሦስት ሰው ይጠይቃል። ልጁ ከትምህርት ቤት መልስ ሒሳብ የሚያጠናበትን ቦታ ሲመርጥ ግን እንዲህ ባለ ጥርጣሬ ራሱን አያዋርድም። ታፔላውን አንብቦ ይጨርሳል። «ዓለም አቀፍ» የሚል ካለበት ይከፍላል፤ ሁለት ጊዜ ካለበት ደግሞ የሦስት ወሩን አስቀድሞ ይከፍላል።

አስተማሪው ማን ነው? በአንድ ክፍል ስንት ልጅ ይታጨቃል? ልጁ የከበደው ማካፈል ነው ወይስ ክፍልፋይ? ይህን መጠየቅ ነገረኛነት ነው። ጨዋ ወላጅ «የእነ እገሌ ልጅ እዚህ ነው የሚማረው?» ብሎ ይበቃዋል።

የኔታማ ምን ይሁኑ! ደብሩ ሥር ከጎጇቸው ደጅ ተቀምጠው የበዓልና የጾም ቀን ለማውጣት ዓመተ ምሕረቱን 2018ን ከዘመነ ብሉዩ 5500 ጋር ደምረው 7518 ይላሉ፤ ለ19 ገድፈው 13 ያስቀራሉ፤ አንድ አጉድለው ወንበሩን 12 ያደርጋሉ፤ ያንን በ11 አባዝተው ለ30 ሲገድፉት አበቅቴው 12፣ ከ30 የቀረው መጥቅዕም 18 ይሆናል። ወረቀት የለ፣ እርሳስ የለ። ታፔላም የላቸውም፤ እንግዲህ ሒሳብ አያውቁም ማለት ነው።

ጎረቤቴ ለልጇ የመረጠችው አባከስ የሚባለውን የዶቃ ማስሊያ የሚያስተምር ቤት ነው። በየዘንጉ ላይ፣ ከላይ ያለችው አንዷ ዶቃ አምስት፣ ከታች ያሉት አራቱ አንድ አንድ ሆነው ይቆጠራሉ። መሣሪያው ምንም እንከን አይወጣለትም፤ ጃፓኖች አገር አስልተውበታል። የእኛው ልጅም የምረቃ ካባ ለብሶ የተነሣው ፎቶግራፍ ሳሎኑ ውስጥ ተሰቅሏል።

ባለፈው ቅዳሜ አማቷ ከቢቸና እንቁላል ይዘው መጡ። ዐሥራ ሰባቱን፣ አንዱን በ18 ብር ሒሳብ እኔ ገዛኋቸው።

«በል ባለ ካባው፣ አስላልን!» አልኩት። ዓይኑን ጨፍኖ፣ ዶቃውን በሐሳቡ እየገፋ፣ ጣቶቹን አየር ላይ ያርመሰምስ ጀመር። አሮጊቷ እንቁላሉን ከገለባው እያወጡ፣ «ሃያው ሦስት መቶ ስልሳ ነው፤ የሦስቱ ሃምሳ አራት ሲነሣለት ሦስት መቶ ስድስት» ብለው እጃቸውን ዘረጉልኝ። ልጁ ገና ያርመሰምሳል።

እናቱ ቶሎ ደረሰችለት። «አይፍረዱበት እማማ፣ እሱ ገና የአባከሱ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ነው። የእንቁላሉ ሦስተኛው ላይ ነው የሚመጣው፤ ክፍያውም ይጨምራል።»