ወንበር ላይ ለተሰቀለው ኮት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለክቡር ኮት
ባለህበት ወንበር ላይ

ጉዳዩ፦ አለመኖርህን ሳይሆን መኖርህን ይመለከታል

ክቡር ኮት ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እኔ ከፍሪጄ፣ ከእናቴ ምጣድና ከመብራቱ በቀር በጣም ደህና ነኝ።

ወንበር ላይ ያለን ሁሉ አንቱ ማለት ወጋችን ስለሆነ በአንቱ ጀመርኩ። ግን አምስት ወር ሙሉ ፊት ለፊት ተፋጠን ከርመናል። ከእንግዲህ አንተ ብልህ ቅር አይልህም መቼም። ጌታህን ቢሆን አልደፍርም። እሱን ደግሞ ያኔ አይቼው አላውቅም።

ብዙ ባለጉዳይ ስለምታይ ልትረሳኝ ትችላለህ። እኔ ባለ ሰማያዊ ፌስታሉ ነኝ፣ የጎንደሩ፣ የማራኪ ሰፈሩ። ፌስታሉ ውስጥ ቀልጦ ከሶኬቱ ጋር የተጣበቀ ዲቫይደር ነበር። ማስረጃ ይዘህ ና ስላሉኝ ነው። ፍሪጁን ራሱን ላመጣልህ አስቤ ነበር፤ የባጃጁ ልጅ የጠራው ዋጋ አስቀረኝ።

ነገሩ የጀመረው በጥቅምት ነው። አንድ ማታ መብራት ጠፋ። ይሄ ዜና አይደለም። ዜናው የመጣው ሲመለስ ነው። አምፖሉ መጀመሪያ እንደ ጧፍ ተርገበገበ፤ ቀጥሎ እንደ ደመራ ቦግ አለ። ፍሪጁ አንዴ አቃሰተና ዝም አለ። እኛ ቤት መግባት ያለበት 220 ቮልት ነው። ያን ማታ ስንት እንደገባ የሚያውቀው ፍሪጁ ብቻ ነው፤ እሱም ምስጢሩን ይዞ አረፈ።

ከዚያ ወዲህ ደግሞ ተቃራኒው መጣ። ምሽት ላይ ኃይሉ ይደክማል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 3.5 ኪሎዋት ገደማ የሚስብ ዕቃ ነው፤ በደከመ ኃይል አይታለልም። እናቴ ሊጡን ታዞራለች፣ ትጠብቃለች፣ እንጀራው ዐይን ሳያወጣ ይደርቃል። «ልጄ፣ ግድቡ አልቋል አላላችሁም?» ትለኛለች። አልቋል። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ተመርቋል፤ 5,150 ሜጋዋት። ግን ከግድቡ እስከ እናቴ ምጣድ ድረስ ብዙ ሽቦና ብዙ ትራንስፎርመር አለ። መሐል ላይ ደግሞ «ይሄ ልክ አይደለም» የሚል ሰው መኖር አለበት። ያንን ሰው ፍለጋ ስወጣ ነው አንተን ያገኘሁህ።

መጀመሪያ የመብራት አገልግሎት ሰጪው ድርጅት ጋር ሄድኩ፤ አንዲት ልጅ በትህትና አስተናገደችኝ። «ቅር ካለዎት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት አለ፤ እዚያ ያመልክቱ» አለችኝ። ተቆጣጣሪ! እኔ እስከዛሬ መብራትን የሚቆጣጠረው ዝናብ ነበር የሚመስለኝ።

ቤቴ ገብቼ አዋጅ ማገላበጥ ጀመርኩ። (መብራት ሲጠፋ በስልክ ባትሪ አዋጅ ማንበብ የጀመርኩት ያኔ ነው፤ እንቅልፍ ያመጣል።) ለካስ ነገሩ የቆየ ነው። በ1989 በአዋጅ ቁጥር 86 የኤሌክትሪክ ኤጀንሲ ተቋቁሟል። በ2006 የወጣው የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810 ሥራውን አስፍቶ ለኢነርጂ ባለሥልጣን ሰጠው። ፈቃድ ይሰጣል፣ ሽቦ የሚዘረጋውን ባለሙያ ብቃት ያረጋግጣል፣ የአገልግሎቱን ጥራትና ደኅንነት ይከታተላል፣ የታሪፍ ጥያቄ ይመረምራል። በ2014 ነዳጅም ተጨመረለት፤ ያ ሁሉ የማደያ ሰልፍ ማለት ነው። አንብቤ ስጨርስ ልቤ ሞላ። ወረቀቱ ላይ እንደኔ ፍሪጅ የተጠበቀ ፍሪጅ በዓለም የለም።

አንተ የየትኛው ቢሮ ኮት እንደሆንክ እዚህ አልጽፍም። ወንድሞችህ በየቢሮው ተሰቅለዋል። ኮት ያልተሰቀለበት ቢሮ ካለ እሱ ይውቀሰኝ።

የመጀመሪያ ቀን ስንተያይ ትዝ ይልሃል? ግራጫ ነህ። ክርንህ ሳስቷል። የደረት ኪስህ ላይ ክዳኑ የጠፋ ሰማያዊ እስክሪብቶ አለ። ጸሐፊዋ ቀና ብላ «ጋሼ፣ አሁን ወጣ አሉ። ኮታቸው አለ» አለችኝ። ተቀመጥኩ። ኮት ካለ ሰው አለ ብዬ። ምሳ ሰዓት ደረሰ። ጥበቃው ገብቶ «ኮቱ ካለ አይርቁም» ብሎ አጽናናኝ። በማግሥቱም ነበርክ። ረቡዕም ነበርክ። ከጥምቀት ማግሥት፣ ከተማው ሁሉ ከፋሲል መዋኛ ተመልሶ ገና እንቅልፉን ሳይጨርስ፣ አንተ ቦታህ ላይ ነበርክ። እንዲህ ሥራውን አክባሪ ሠራተኛ እኔ አላየሁም። ትቀድማለህ፣ ሻይ አትወጣም፣ ለቅሶ አትደርስም፣ ማታም አትወጣም።

እናቴ ማታ ማታ «ዛሬስ ኮቱ ምን አለህ?» ማለት ጀመረች። አንድ ቀን ደግሞ «የጥር ብርድ እንዲህ እየጋረፈ ኮቱን ጥሎ የወጣ ሰው የት ይደርሳል? ወይ ሌላ ኮት አለው፣ ወይ ታሟል» አለች። እውነቷን ነው። በጎንደር ጥር ኮት አይጣልም። ነገሩን አሰላሰልኩት። ሁለት ኮት? በዚያ ደመወዝ?

ስለ ደመወዙ የነገረኝ የመዝገብ ቤቱ ሰውዬ ነው። ሳቀብኝ። «ጋሼ፣ እሳቸው ሰነፍ መስለውዎት ነው? መደቡ ሦስት ነው፤ ሁለቱ ክፍት ነው። ዛሬ ደባርቅ፣ ነገ መተማ። መኪናው የጋራ ነው። ቮልት መለኪያው አንድ ነው፤ ባትሪው ግዥ ላይ ነው።» ባትሪው ግዥ ላይ ነው። ይህን ዓረፍተ ነገር ቤቴ ይዤው ገባሁ። ለግድግዳ ሰዓት ከሱቅ የምገዛት ባትሪ እኮ ናት! እዚያ ግን ሦስት ዋጋ ማቅረቢያና አንድ ኮሚቴ ያስፈልጋታል።

እንግዲህ ሒሳቡን አብረን እንሥራ፤ አንተ እንደሆንክ ጊዜ አለህ። የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ከመስከረም 2018 ጀምሮ ተሻሽሏል። ትንሹ ከ4,760 ወደ 6,000 ብር ከፍ ብሏል። የመጀመሪያ ድግሪ ይዞ ለሚጀምር ከ6,940 ወደ 11,500። ትልቁ ከ21,492 ወደ 39,000። ደግ ነው፤ የተጨመረ ነገር አይነቀፍም። ግን 11,500ው ላይ ግብር ይነሳል፣ ጡረታ 7 በመቶ ይነሳል፣ የቤት ኪራይ ይነሳል። የተረፈው ብር ነው የኤሌክትሪክ መሐንዲሱን «ሂድና ያንን ግዙፍ ድርጅት ተቆጣጠር» ብሎ የሚልከው።

ድርጅቱ ደግሞ የልማት ድርጅት ነው። የሚተዳደረው በሲቪል ሰርቪስ እስኬል አይደለም። ደመወዙ በቦርድ ይወሰናል፤ ከሠራተኛ ማኅበር ጋር በኅብረት ስምምነት ይደራደራል። ስለዚህ ሁለት ጓደኛሞች ከአንድ ክፍል ተመርቀው፣ አንዱ ተቆጣጣሪ አንዱ ተቆጣጣሪው የሚፈትሸው ቤት ቢገቡ፣ ቅዳሜ ፒያሳ ቡና ሲጠጡ ሒሳቡን የሚከፍለው ማን እንደሆነ አንተም ታውቃለህ። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚባለው እዚህ ቢሮ አይሠራም። የሚበላ ነገር ከየት መጥቶ!

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ የታሪፉ ነገር ነው። ከመስከረም 2017 ጀምሮ የመብራት ዋጋ በየሩብ ዓመቱ፣ ለአራት ዓመት እየጨመረ እንዲሄድ ተወስኗል። ይሁን። ግን ታሪፍ ሲጠየቅ ወፍራም ፋይል ይመጣል። ምሰሶው ይህን ያህል፣ ሽቦው ይህን ያህል፣ የብድሩ ወለድ ይህን ያህል፣ መንገድ ላይ የሚባክነው ኃይል ይህን ያህል፣ ስለዚህ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ይህን ያህል ይሁን ይላል። ያንን ፋይል ፈትቶ «ቆይ፣ ይሄ ምሰሶ እውነት ይህን ያህል ያወጣል? ለሚባክነው ኃይል ለምንድነው የማራኪዋ እናት የምትከፍለው?» የሚል ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው በአንድ ዓመት አይገኝም። የሒሳብ መዝገብ ማንበብ፣ የዕቃ እርጅና ማስላት፣ ድርጅቱ የደበቀውን ማሽተት ልምድ ይጠይቃል። በዚያ በኩል መሐንዲስ፣ የሒሳብ ባለሙያ፣ ጠበቃና አማካሪ ይሰለፋል። በዚህ በኩል አንተ ትሰለፋለህ። ጨርቅህ ጥሩ ነው፤ ግን አትጠይቅም።

ሌላ አገር እንዴት ነው ብዬ አየሁ። ኡጋንዳ የኤሌክትሪክ ተቆጣጣሪዋ ገንዘቡን ፈቃድ ከሰጣቸው ድርጅቶች በሕግ በሚሰበሰብ ክፍያ ያገኛል። ይህን ለአንድ ወዳጄ ብነግረው ዘሎ ተነሳ። «ውሻ በበላበት ይጮኻል! ዘበኛውን ሌባው ይቀልበው ነው የምትለኝ?» ጥሩ ጥያቄ ነው። ግን ብሩ መጨረሻ ላይ የሚወጣው ከእኔ ቢል ነው። ትንሽ ሳንቲም ከቢሌ ተነስታ፣ በድርጅቱ በጎ ፈቃድ ሳይሆን በሕግ፣ ለሚቆጣጠርልኝ ሰው ብትደርስ እኔ ደስ ይለኛል። አሁንም እኮ እየከፈልኩ ነው። አንድ ፍሪጅ ከፍያለሁ።

ስለ ውሃው አላነሳብህም። የአንገረብ ግድባችን ደለል እየበላው ነው፤ እኛ በጀሪካን ወረፋ ነን። የከተማ ውሃ አገልግሎት የሚመራው በቦርድ ነው፤ ከቦርዱ ውጭ ለብቻው ቆሞ የሚቆጣጠር ግን የለም። እዚያ እንኳን ኮቱ፣ ወንበሩም አልተገዛ።

ወደ እኛ ጉዳይ ልመለስ። በየካቲት አንድ ሰኞ ፌስታሌን ይዤ ስገባ ወንበሩ ባዶ ነበር። ሰው ሳይሆን አንተ የለህም! ጉልበቴ ከዳኝ። ሰውዬው የሞተ መሰለኝ። ጸሐፊዋ ደረቷ ላይ ያለውን ነጠላ አስተካክላ «ለቀቁ ጋሼ። የተሻለ አገኙ። ዓርብ በቡናና በፈንድሻ ሸኘናቸው» አለችኝ።

«በቦታቸውስ?»

«መደቡ ክፍት ነው። ማስታወቂያ ይወጣል።»

«ሦስቱም?»

ሦስቱም።

ምን ላድርግ፣ ወደ አገልግሎት ሰጪው ተመለስኩ። ያቺ ትሁት ልጅ አሁንም አለች። «አዲስ ኃላፊ መጥተውልናል፤ ይግቡ» ብላ አንድ በር ከፈተችልኝ። ገባሁ። ተሽከርካሪ ወንበር ላይ፣ ጥቁር ቆዳ ላይ፣ አንተ!

ክርንህ ያው የሳሳው ነው። እስክሪብቶዋ ግን ክዳን አግኝታለች። ከፊትህ ደግሞ ሰው ተቀምጧል። እውነተኛ ሰው፣ አዲስ ጃኬት የለበሰ። ለአምስት ወር በሐሳቤ የሳልኩት ቦርጫም ሽማግሌ የመጨረሻ ወንድሜ እኩያ ሆኖ ቁጭ አለ። ብድግ ብሎ በሁለት እጁ ጨበጠኝ። ፌስታሉን ሲያይ ዐይኑን ሰበር አደረገ።

«የማራኪው ፍሪጅ አይደሉም?»

ፋይሌን አንብቦታል! ቁጥሩን በቃሉ ያውቀዋል። ሦስት ጊዜ ሊመጣ ተነስቶ አንዴ መኪና፣ አንዴ ባትሪ፣ አንዴ መተማ አስቀርቶታል። ቁጣዬን ከየት አምጥቼ ልቆጣ? እንዲያውም ሻይ አዘዘልኝ።

«እውነትዎን ነው ጋሼ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ከጽሑፍዎ እንዳየሁት መስመሩ ችግር አለበት። ግን አሁን እኔ በዚህ በኩል ነኝ። ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ማመልከት ይችላሉ።»

«እዚያ ማን አለ?» አልኩት።

እሱ አንተን አየ። እኔም አንተን አየሁ።

ስለዚህ ኮት ሆይ፣ አንድ ልመና አለኝ። እሱን አልጠይቀውም፤ ልጆች አሉት፣ ኪራይ አለበት፣ ደግሞም ሻይ ጋብዞኛል። አዲስ ጃኬት ስለገዛ አንተ እንደ ድሮው አታስፈልገውም። አንድ ጠዋት ሳያይ ሹልክ በልና ወደ ድሮው ወንበርህ ተመለስ። እኔም እመጣለሁ፤ ፌስታሌን ጉልበቴ ላይ አድርጌ እቀመጣለሁ። ጸሐፊዋም ቀና ብላ «ጋሼ፣ አሁን ወጣ አሉ። ኮታቸው አለ» ትለኛለች።

ከሰላምታ ጋር
ባለ ሰማያዊ ፌስታሉ
ማራኪ፣ ጎንደር

ግልባጭ፦ ለፍሪጁና ለእናቴ ምጣድ፣ እንዲያውቁት