የቤተ መዘክሩ ድፎ

ስልኬ ላይ የመጣውን ማስታወቂያ ለባለቤቴ ሳነብላት አማቴ ከጓዳ ሆነው ይሰሙ ነበር። «በሰፈራችን ቤተ መዘክር በድሮ የቤት ዕቃዎች ላይ ያተኮረ፣ ለአንድ ወር የሚቆይ፣ ለቤተሰብ ተስማሚ የሆነ ጊዜያዊ ኤግዚቢሽን ተከፍቷል» ከሚለው ረጅም ዓረፍተ ነገር ውስጥ የእሳቸው ጆሮ የያዘው አንድ ቃል ብቻ ነበር። «የማን ዝክር ነው?» ሲሉ ጠየቁ። የማንም ዝክር እንዳልሆነ፣ ቃሉ ግን «ዘከረ» ከሚለው እንደ ወጣና የማስታወሻ ቤት እንደ ማለት እንደሆነ ላስረዳቸው ሞከርኩ። ማብራሪያዬ ነገሩን አባባሰው። «እኔስ ምን አልኩ ታዲያ?» አሉና ዱቄት ሊነፉ ተነሡ። በዚያ ሌሊት መብራት ስላልጠፋ፣ ቅዳሜ ማለዳ ስንነሣ ቤቱ በኮባና በጥቁር አዝሙድ ሽታ ታውዶ፣ የሚያህል የማይገኝለት ድፎ ዳቦ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ በሩ አጠገብ ይጠብቀን ነበር።

የምንኖረው ወደ አዳማ የሚወስደው የፍጥነት መንገድ ከሚጀምርበት ከቱሉ ዲምቱ ነው። ከዚህ ተነሥቶ ሙዚየም ማየት የሚፈልግ ሰው የከተማዋን ታሪክ ከማየቱ በፊት ከተማዋን ራሷን ከጫፍ እስከ ጫፍ ማየት አለበት። ባለፈው ዓመት ልጆቹን ይዘን ስድስት ኪሎ ሄደን ነበር። ሦስት ታክሲ ቀያይረን፣ በየሰልፉ ቆመን፣ ታናሿን በየተራ ታቅፈን ደረስን። በ1954 ዓ.ም. ለዩኒቨርሲቲ የተሰጠው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ዛሬ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም መኖሪያ ነው፤ ከየብሔረሰቡ የተሰበሰበው ዕቃ፣ መስቀሉና ሥዕሉ አይን አይጠግበውም። ልጆቼ ግን እስከ ዛሬ ድረስ የሚያወሩት ስለ ንጉሠ ነገሥቱ መታጠቢያ ቤት ብቻ ነው። አልፈርድባቸውም፤ ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን በሚመጣበት ኮንዶሚኒየም ላደገ ልጅ፣ ከዘውድና ከጋሻ ይልቅ ባለ ገንዳ መታጠቢያ ቤት የንግሥና ምልክት ቢመስለው አያስገርምም። ከዚያ አምስት ኪሎ ወርደን ድንቅነሽን አየን። መካከለኛው ልጄ ለሕዝብ የሚታየው የአፅሟ ቅጂ እንደሆነና ዋናው በጥንቃቄ እንደ ተቀመጠ ሲነገረው፣ «ታዲያ እኛም ፎቷችንን ልከን ቤት መቀመጥ እንችል ነበራ!» አለ። በዚያ የታክሲ ወጪ ላይ ይህ ሲጨመር መልስ አጣሁለት።

እንግዲህ ሙዚየም በእግር ከሚደረስበት ቦታ ተከፈተ ሲባል ደስ ያልተሰኘ የሰፈር ሰው የለም። ያጠራጠረን «ጊዜያዊ» የምትለው ቃል ናት። በእኛ ሰፈር ጊዜያዊ የማይባል ነገር የለም፤ ጊዜያዊ የተባለ ሆኖ ያለፈም ነገር የለም። ወደ ብሎካችን የሚያስገባው ኮረኮንች ጊዜያዊ መንገድ ነው፤ ዘንድሮ ሰባት ዓመቱ። መብራቱን የተሸከመው ዘማማ እንጨት ጊዜያዊ ምሰሶ ነው፤ የልብስ ማስጫ ገመድ ታስሮበት፣ የጠፋ ሰው ማስታወቂያ ተለጥፎበት፣ ወፍ ጎጆ ሠርቶበት ቤተሰብ ሆኗል። ኤግዚቢሽንም ቢሆን ከዚህ ልማድ ነፃ አይደለም። ድንቅነሽ ራሷ በ1999 ዓ.ም. ለኤግዚቢሽን ወደ አሜሪካ ሄዳ የተመለሰችው በ2005 ዓ.ም. ነው። ለጉብኝት ብሎ ሄዶ እዚያው ከቀረ ዘመድ የምትለየው በመመለሷ ብቻ ነው፤ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ለኖረ ሰው ደግሞ ስድስት ዓመት የቡና መጠጫ ጊዜ ነው።

በሩ ላይ ደረስን። የጥበቃው ሠራተኛ አማቴን ሲያይ ከመቀመጫው ተነሥቶ፣ የታቀፉትን ጥቅል አይቶ፣ «ዕቃ ሊያስረክቡ ነው እናቴ?» አላቸው። ለካ የሚታዩት ዕቃዎች ከነዋሪው በውሰት የተሰበሰቡ ኖረዋል፤ ሙቀጫ የሰጠ አለ፣ ፋኖስ ያዋሰ አለ፣ ካሴት የሚበላ ቴፕ በልግስና የለቀቀ አለ። አማቴ «አዎ ልጄ፣ ላስረክብ ነው» አሉ። ዝክር የሚያወጣ ሰው ድፎውን ለባለቤቱ ከማስረከብ ሌላ ምን ያደርጋል? እኔ ላስተካክል አፌን ስከፍት ባለቤቴ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ፤ በሩ ላይ «ምግብ ይዞ መግባት በጥብቅ የተከለከለ ነው» የሚል ጽሑፍ አይታ ኖሯል። ጥበቃው የመዝገብ ቤት ልጅ ጠራ፤ ልጁ ዕቃ ገቢ የሚደረግበትን ሞዴል 19 ይዞ መጣና ጨርቁን ገለጥ አድርጎ አየ። ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ የሥራ ሰው ስለሆነ ጻፈ፦ «ድፎ ዳቦ፣ ብዛት 1፣ ሁኔታ፦ ትኩስ።» አማቴ አውራ ጣታቸውን አሰፈሩ።

ውስጡ አንድ አዳራሽ ነው፤ ግን ያዘጋጁት ሰዎች እንደ ተጨነቁበት ያስታውቃል። የመግለጫ ጽሑፎቹ በልጆች ቁመት ልክ ዝቅ ብለው ተሰቅለዋል፤ እኛ አዋቂዎቹ ለማንበብ ስንጎነበስ ከሩቅ ላየን ሰው ምኅላ ላይ ያለን እንመስል ነበር። አንድ ጥግ ላይ ብቻ ብርሃኑ ደብዛዛ ሆኖ፣ የቆየ የሐር ጥልፍ ቀሚስና አንድ ገጽ ብራና በመስታወት ውስጥ ተቀምጠዋል። አስጎብኚዋ፣ ጨርቅና ብራና በብርሃን እንደሚደበዝዙ፣ የደበዘዘውም ተመልሶ እንደማይደምቅ፣ ስለዚህ ሙዚየሞች እንዲህ ያለውን ነገር ከ50 ሉክስ በማይበልጥ ብርሃን ለጥቂት ጊዜ ብቻ አሳይተው ወደ ጨለማ እንደሚመልሱት፣ ጊዜያዊ ኤግዚቢሽን የሚባለው ነገር አንዱ ምክንያት ይህ እንደሆነ ነገረችን። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚል ሕዝብ ይህን መስማቱ ግር ይለዋል። አማቴ ግን አልገረማቸውም፤ ቀሚሳቸውን በዓመት አንድ ቀን ብቻ ከሣጥን እያወጡ አርባ ዓመት ያቆዩ ሰው ናቸው።

የቀረው ዕቃ ሁሉ ግን ክፍት ነው። በየጠረጴዛው ላይ «እባክዎ ይንኩ» የሚል ተጽፏል። ችግሩም ከዚህ ላይ ጀመረ።

አንባቢ ሆይ፣ እኛ ያደግነው ቡፌ ባለበት ቤት ነው። የቡፌው መስታወት በቁልፍ ተዘግቶ፣ ስድስት የወርቅ ጠርዝ ያላቸው ብርጭቆዎችና አንድ የሸክላ ውሻ ከውስጥ እያዩን፣ እኛ ከውጭ እያየናቸው አብረን አረጀን። ብርጭቆዎቹ ለእንግዳ ነበሩ፤ ለእነርሱ የሚመጥን እንግዳ ግን አልመጣም። በእያንዳንዳችን ቤት ቋሚ ኤግዚቢሽን፣ በየእናቶቻችን አፍ ደግሞ «ተው አትንካ!» የሚል የማይደክም ጥበቃ ነበረ። ይህን ትምህርት ለሠላሳ ዓመት የተማረ ወላጅ በአንድ ቅዳሜ «ይንኩ» ስላሉት ይነካል? አዳራሹ ውስጥ ጽሑፉ «ይንኩ» ይላል፣ አስጎብኚዋ «ንኩ ልጆች» ትላለች፣ ወላጅ ሁሉ በአንድ ድምፅ «አትንካ!» ይላል። አንድ አባት ልጁ ቀንበር እንዳይነካ ሁለት እጁን የኋሊት ይዞ፣ እንደ ተያዘ ሌባ እየነዳ አስጎበኘው። እኔም ራሴ፣ ይህን ሁሉ የምተች ሰው፣ ታናሿ ልጄ እጇን ወደ እንስራ ስትሰድ ሳላስበው ቀጨም አደረግኋት። አስጎብኚዋ በትዝብት አየችኝ።

ከሁሉም ግርግር የፈጠረው የባልጩቱ ጠረጴዛ ነበር። ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ በሚወስደው መንገድ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው በመልካ ቁንጡሬ፣ የሰው ዘር ከሚሊዮን ዓመት በፊት ጀምሮ ከባልጩት መሣሪያ ይሠራ እንደ ነበር፣ ስፍራው ጥሬው ከሚወጣበት ከባልጪት ጋር በ2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት እንደ ተመዘገበ ተጽፎ፣ ልጆች እንዲዳስሱት ጠርዙ የደነዘዘ የባልጩት ቁራጭ ተቀምጧል። አንዲት እናት «ይህ ስለት ነው፣ ይህ ነው ለቤተሰብ ተስማሚ?» ብለው ተቆጡ። መካከለኛው ልጄ፣ ያኔ የነበሩት ልጆች እናቶቻቸው ምን ይሏቸው እንደ ነበር ጠየቀ። ማንም አልመለሰለትም።

አማቴ በዚህ ሁሉ ውስጥ የት እንደ ደረሱ ስፈልግ፣ ከወፍጮው ፊት በርከክ ብለው አገኘኋቸው። በአዳራሹ ውስጥ ጽሑፉን አምኖ የነካ ብቸኛው አዋቂ እሳቸው ናቸው፤ ማንበብ ስለማይችሉ ይሆናል። መዳፋቸውን በወፍጮው ገጽ ላይ ወዲያና ወዲህ አሻሹና «ይህ ከተወቀረ ስንት ዘመኑ ነው?» ብለው አስጎብኚዋን ጠየቁ። ልጅቱ ዕድሜውን የጠየቋት መስሏት «ወደ ሰማንያ ዓመት ይገመታል» አለች። «አይ ልጄ፣ ዕድሜውን አይደለም። ወፍጮ ሲለሰልስ ይወቀራል፤ ካልተወቀረ እህሉን ያንሸራትተዋል እንጂ አይፈጨውም። ደግሞ ይህ መጅ የሱ አይደለም፤ የትልቅ ወፍጮ መጅ ነው፣ ከሌላ ቤት የመጣ ነው።» ቀጥለው መጁን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ወገባቸውን ሰበቅ አድርገው፣ ለማሳያ ከተቀመጠው ገብስ ጥቂት ጣል አደረጉና ፈጩ። መጁ ወደ ፊት ሲሄድ ትከሻቸው ይከተላል፣ ሲመለስ ትንፋሻቸው ይመለሳል፤ የተሰነጠቀው ገብስ ከወፍጮው አፍ ላይ ይረግፋል። ልጆቹ ዙሪያቸውን ከበቡ። አንዷ እጇን ከእሳቸው እጅ በላይ ደረበች፤ ከዚያ ሌላው። የሚከለክል ወላጅ አልተገኘም፤ ሁላችንም ስልካችንን አውጥተን እየቀረጽን ነበርና እጃችን አልበቃም።

በዚህ መካከል ድፎው ተረስቷል። የመዝገብ ቤቱ ልጅ ንብረቱን የትም መጣል ስለማይችል፣ ለጊዜው ብሎ መሐል ላይ ካለው ትልቅ ሞሰብ ላይ አስቀምጦት ሄዷል። ስመለስ ሰው ተሰብስቦበታል። ሁለት ወጣቶች ፎቶ ይነሣሉ። አንድ መነጽር ያደረጉ አባት ለልጆቻቸው፣ ጥንት ዳቦ እንዲህ በኮባ ተጠቅልሎ ይጋገር እንደ ነበር፣ ዛሬ ይህ ባህል እንደ ጠፋ በሐዘን ያብራራሉ። ዳቦው ገና ትንሽ ትንሽ ይተናል። አንድ ሕፃን ጣቱን ወደ ቅርፊቱ ሲያስጠጋ እናቱ ቸብ አደረገችውና «ቅርስ ነው!» አለችው። ትንሽ ራቅ ብላ የቆመች ልጅ፣ «እማማ፣ ስንት ዓመቱ ነው?» ብላ አማቴን ጠየቀች። «የዛሬ ሌሊት ነው» አሏት።

ሊዘጋ ሲል አማቴ ድፎውን ቆርሰው ሊያድሉ ጠየቁ። አይቻልም። በሞዴል 19 ገቢ የሆነ ንብረት ያለ ሞዴል 22 ወጪ አይሆንም፤ ሞዴል 22 የሚፈርሙት የንብረት ክፍል ኃላፊ ደግሞ ቅዳሜ አይገቡም። ሰኞ ይምጡ ተባለ። አማቴ «ሰኞማ ይደርቃል» አሉ፤ ጥበቃው ራሱን እያሻሸ የበኩሉን ሐዘን ገለጸ፤ አፍንጫው ግን ወደ ሞሰቡ ያዘነበለ ነበር። መፍትሔውን ያመጣው የመዝገብ ቤቱ ልጅ ነው። በአያያዝ ምክንያት ሊበላሽ የተቃረበ ንብረት ሲያጋጥም፣ ሦስት አባላት ያሉት የንብረት አወጋገድ ኮሚቴ ተሰይሞ፣ በቃለ ጉባኤ ሊወገድ ይችላል። ጥበቃው ሰብሳቢ፣ አስጎብኚዋ ጸሐፊ፣ አማቴ የነዋሪው ተወካይ ሆኑ። አማቴ ባርከው ቆረሱ፤ አዳራሹ ውስጥ የቀረው ሰው ሁሉ ከነልጆቹ እየተጠራ ድርሻውን ወሰደ፤ መነጽር ያደረጉት አባት ሁለት ጊዜ ደረሳቸው። ፍርፋሪው ከሞሰቡ ላይ ሲጠረግ ልጁ መዝገቡን ገለጠና፣ «ሁኔታ» ከሚለው ዓምድ ሥር «ትኩስ» የሚለውን ሰርዞ «ያለቀ» ብሎ ጻፈ፤ አማቴም በዱቄት በነጣ አውራ ጣታቸው አጸደቁት።