ከሐውልቱ በፊት መሬቱ

የቼክ ሪፐብሊክ መንግሥት ሌቲ በምትባል መንደር አጠገብ የነበረ የአሳማ እርባታን በ450 ሚሊዮን ኮሩና (የአገሩ ገንዘብ) ለመግዛት የተስማማው በ2017 ነው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ገንዘቡ በዛ ያሉ ነበሩ። እርባታው በ1970ዎቹ የተሠራው ግን በናዚ ዘመን ሮማዎች (በተለምዶ «ጂፕሲ» የሚባለው ሕዝብ) በታጎሩበት ካምፕ ላይ ነው። በካምፑ ከ1942 እስከ 1943 ወደ 1,300 የሚጠጉ ሰዎች ታስረዋል። ከ300 በላይ የሚሆኑት በረሃብና በተስቦ እዚያው አለቁ፤ ብዙዎቹ ሕፃናት ነበሩ። ከ500 በላይ የሚሆኑት ደግሞ ወደ ናዚዎች የሞት ካምፕ፣ ወደ አውሽዊትዝ ተጋዙ። ጠባቂዎቹ ቼኮች ነበሩ፤ ነገሩ ለረጅም ጊዜ ተድበስብሶ የቆየው በዚህም ጭምር ይመስለኛል።

በ1995 ፕሬዚዳንት ቫስላቭ ሃቬል በአቅራቢያው የመታሰቢያ ሐውልት መረቁ። የሃቬልን ቅንነት አልጠራጠርም። ውጤቱ ግን ክፉ ነበር፤ ሐውልት ከቆመ በኋላ እርባታውን የማንሳት ጥያቄ ለተከታታይ መንግሥታት የማይቸኩል ጉዳይ ሆነ። የሟች ቤተሰቦች ጧፍ ሊያበሩ ሲመጡ የሚቀበላቸው የአሳማ ሽታ ነበር። የአውሮፓ ፓርላማ በ2005 እርባታው እንዲነሳ ቢጠይቅም ሰሚ አላገኘም። በ2016 የገንዘብ ሚኒስትሩ አንድሬ ባቢሽ ካምፑ ሥራ የማይሠሩ ሰዎች የሚገቡበት ነበር እስከማለት ደርሰው፣ በኋላ ይቅርታ ጠይቀዋል።

ክርክሩን የቀየረው ቁፋሮ ነው። ከካምፑ የተረፈ ነገር የለም ሲባል ኖሮ፣ አርኪዮሎጂስቶች የሕንፃ መሠረትና የእስረኞች ዕቃ አገኙ፤ በኋላም መቃብሮቹን። ስለዚህ የመታሰቢያ ሥራ ቅደም ተከተል ግልጽ ነው። መጀመሪያ መሬቱን ከባለይዞታው መግዛት፣ ከዚያ ምንም ሳይገነባ መቆፈር፣ ቀጥሎ አስተዳደሩን የራሳቸው የሮማዎች ጉዳይ ለሆነ ተቋም መስጠት፤ ንድፍና ድንጋይ መጨረሻ ላይ ይደርሳሉ። በሌቲ ኃላፊነቱን የተረከበው በብርኖ የሚገኘው የሮማ ባህል ሙዚየም ነው። እርባታው በ2022 ፈርሶ መታሰቢያው በ2024 ተከፈተ።

መሬቱ በእጅ ከገባ በኋላም ሥጋቱ አያበቃም። በርሊን፣ ከፓርላማው ሕንፃ አጠገብ፣ በናዚዎች ለተገደሉት ሲንቲ (የሮማዎች ዘመድ ሕዝብ) እና ሮማ የተሠራው መታሰቢያ በ1992 ተወስኖ የተመረቀው ከ20 ዓመት በኋላ፣ በ2012 ነው። ንድፉ የእስራኤላዊው ቀራፂ የዳኒ ካራቫን ነው፤ ጥቁር ውሃ የያዘ ክብ ገንዳ፣ መሐሉ ላይ በየቀኑ ትኩስ አበባ የሚቀመጥበት ባለ ሦስት ማዕዘን ድንጋይ። ከ2020 ወዲህ ግን በሥፍራው ሥር ሊያልፍ የታቀደ የከተማ ባቡር ዋሻ ሲያከራክር ቆይቷል። ካራቫን በዙሪያው ያሉትን ዛፎች የሥራው አካል አድርጎ ነበር የሚያያቸው። ስለዚህ ገንዳው አልተነካም የሚለው መልስ በቂ አይደለም። የግንባታ ፈቃድ የሚሰጠው አካል ጥበቃው ዛፎቹንና ጸጥታውን እንደሚጨምር በጽሑፍ ማስፈር አለበት፤ ይህም ቁፋሮው ከመጀመሩ በፊት መሆን አለበት።